ፊት ላይ የተለጠፈ ዋጋ፦ ካፋ፣ ቡናዋና የሴት ልጅ መልክ

የኢትዮጵያ ቡና በሚሸጥበት ሁሉ አንዲት ሴት አለች። ነጭ የጥበብ ቀሚስ ለብሳለች፤ ሹሩባ ተሠርታለች፤ ከረከቦቱ ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጀበናዋን ከፍ አድርጋ ታንቆረቁራለች፤ ቡናው እንደ ጥቁር ክር ቀጥኖ ሲኒው ውስጥ ይወርዳል። ከፊቷ ቄጤማ ተጎዝጉዟል፤ ከጎኗ ዕጣን ይጨሳል። በቡና ማሸጊያ ላይ፣ በግድግዳ ካላንደር ላይ፣ በሆቴል መግቢያ፣ በቴሌቪዥን ማስታወቂያ የምትታየው እሷው ናት። መልኳም ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ ቆዳዋ ፈካ ያለ፣ አፍንጫዋ ሰልካካ፣ ወገቧ ቀጭን፣ ዕድሜዋ ሃያዎቹን ያልዘለለ። ውበቷ አያከራክርም። ነገር ግን ቡናው ከጥንት ጀምሮ በዱር የሚበቅለው በካፋ ጫካ ነው። በዚያ ጫካ ጥላ ሥር ቀይ ፍሬ የምትለቅመው፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ አስጥታ የምታገላብጠው፣ ጆንያ ተሸክማ ቁልቁለት የምትወርደው ሴት በዚህ ምስል ውስጥ ቦታ አላገኘችም። የካፋዋ ከተማ የቦንጋ ተማሪ የአገሯን ቡና ማሸጊያ ስታይ ቡናውን ታውቀዋለች፤ ፊቱን ግን አታውቀውም። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ከዚህ ይነሳል። በካፋ የሴትን መልክ ከውጭ መጥቶ መመዘን በቴሌቪዥን አልተጀመረም። ከነጋዴ ቅፍለት ጋር የገባ፣ በፖስታ ካርድ የተባዛ፣ ዛሬ በማስታወቂያ የቀጠለ የቆየ ገበያ ነው። ሴት ልጅ ለራሷ በምትሰጠው ግምት ላይ የሚያደርሰው ጉዳትም ሊገባን የሚችለው ይህን የዘር ሐረጉን ስናውቅ ነው።

የጀበናዋ ሴት ምስል ከጥንት ሳይለወጥ የመጣ ተደርጎ ይቀርባል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። በሰሜንና በመካከለኛው ደጋ የሚኖረው ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ለረጅም ዘመን ቡናን የእስላምና የኦሮሞ መጠጥ ነው ብሎ ይሸሸው ነበር፤ ካህናትም ያወግዙት ነበር። ይህ ክልከላ የላላው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ስለዚህ በነጭ የደጋ ቀሚስ ቡና የምታፈላው ሴት ምስል፣ ቀሚሱ ጥንታዊ ቢሆንም፣ ከቡናው ጋር የተገናኘው ከመቶ ሃምሳ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። ካፋዎች ግን ቡናን በቋንቋቸው «ቡኖ» እያሉ ከዚያ እጅግ ቀድመው ያውቁታል። በደቡብ ምዕራቡ አገር ፍሬው ብቻ አይደለም የሚጠጣው፤ ቅጠሉም ከቅመም ጋር ተወቅጦ «ጨሞ» ሆኖ ይፈላል። ይህን የምትሠራው ሴት ሙያ ከማስታወቂያው ሥዕል በዕድሜ ይበልጣል። ምስሉ ግን አዲሱን ጥንት አድርጎ ጥንቱን ከእይታ ሰውሮታል። ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ምስል «ኢትዮጵያዊት ማለት ይህች ናት» ብሎ ሲደጋገም፣ ያልመሰለችው ሴት ከጊዜ ብዛት የጎደለው ነገር በራሷ ላይ ያለ ይመስላታል። ሥዕሉ ጠባብ መሆኑን የሚነግራት የለም።

ወደ ኋላ እንመለስ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቦንጋ የታወቀች ገበያ ነበረች። ቅፍለቱ ከዚያ ተነስቶ በጅማ ሂርማታና በሊሙ ሳቃ አድርጎ፣ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ውስጥ ባሶ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ጎንደር፣ ወደ መተማና ወደ ምጽዋ ይዘልቃል። በቅሎዎቹ ቡና፣ ኮረሪማ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይጫናሉ። ከበቅሎዎቹ ጎን ደግሞ በእግራቸው የሚነዱ ሰዎች ነበሩ፤ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ልጃገረዶች። በቀይ ባሕር ዳር ገበያዎች ከፍተኛውን ዋጋ የሚያወጡት ወጣት ሴቶች ነበሩ፤ ከእነሱም መካከል ቆዳዋ ፈካ ያለው፣ ፀጉሯ ለስለስ ያለው ከጠቆረችው ይልቅ በውድ ትሸጥ ነበር። ነጋዴው ጥርሷን ገልጦ፣ ፀጉሯን ዳብሶ፣ የቆዳዋን ቀለም አይቶ ዋጋ ይቆርጣል። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። አንዲት የካፋ ልጅ ፊቷ ከሌላዋ ፊት ጋር ተነጻጽሮ፣ ቀለሟ በብር ተተምኖ ያየችው ቢያንስ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነው። ማስታወቂያ ዛሬ የሚጠቀምበት መሰላል፣ ማለትም ከጥቁር ወደ ቀይ፣ ከከርዳዳ ወደ ለስላሳ የሚወጣው መሰላል፣ መጀመሪያ የተተከለው በባሪያ ገበያ ነበር።

በ1889 ዓ.ም. ራስ ወልደ ጊዮርጊስ የመሩት ዘመቻ የካፋን መንግሥት አፈረሰ፤ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ተይዘው ተወሰዱ። ከጦርነቱ በኋላ የካፋ ሕዝብ ቁጥር ክፉኛ አሽቆለቆለ፤ ከሞት የተረፉት ብዙዎችም ተማርከው ለባርነት ተዳረጉ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን የባሪያን ንግድ ልታስቀር ቃል ገባች፤ ባርነት በሕግ ጨርሶ የተሻረው ግን በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። አዋጁ ሰውን ነፃ አወጣ፤ ቃሉን ግን ሊያጠፋው አልቻለም። «ባሪያ» የሚለው ስም ከሕግ መጽሐፍ ወጥቶ ወደ ስድብ ገባ። የጠቆረ ቆዳ፣ የሰፋ አፍንጫ፣ የከረደደ ፀጉር በዚህ አንድ ቃል ሲሰደቡ ኖረዋል። ሻጩና ገዢው ከሄዱ በኋላ የዋጋ ተመኑ በቋንቋ ውስጥ ቀረ ማለት ነው። «ቀይ ናት» የሚለው ንግግር ሙገሳ፣ «ጠቁራለች» የሚለው ደግሞ የሐዘኔታ አነጋገር ሆኖ እስከ ዛሬ ሲነገር መስማት ይህን ያስረዳል።

ከዚያ ካሜራ መጣ። ኦስትሪያዊው ፍሪድሪሽ ቢበር በ1905 እ.ኤ.አ. ካፋ ገብቶ የሕዝቡን አኗኗር ሰበሰበ፤ ጥናቱንም በ1920 እና በ1923 እ.ኤ.አ. በሁለት ቅጽ አሳተመ። ለካፋ ታሪክ የዋለው ውለታ ትልቅ ነው። ሆኖም በዚያ ዘመን የነበሩ የአሳሾች ፎቶግራፎች ሰውን የሚያዩት በስሙ አልነበረም፤ «የዚህ ነገድ ሴት» ብለው የዓይነት ናሙና ያደርጉታል። ተመልካቹም በአውሮፓ ያለ አንባቢ እንጂ የካፋ ሰው አልነበረም። የጣሊያን ወረራ ሲመጣ ይህ እይታ ሸቀጥ ሆነ። ፋሺስቶች ካፋን «ጋላ ኤ ሲዳሞ» ብለው በሰየሙት፣ ዋና ከተማው ጅማ በሆነ ግዛት ውስጥ አስገቡት። ለወታደሩ የኤርትራና የኢትዮጵያ ሴቶች እርቃን ፎቶ ያለበት ፖስታ ካርድ ይሸጥለት ነበር። በ1935 እ.ኤ.አ. የተደረሰው «ፋቼታ ኔራ» የተባለ ዘፈንም ጥቁሯን ልጃገረድ የዘመቻው ሽልማት አድርጎ አቀረባት። ከሁለት ዓመት በኋላ ያው መንግሥት ጣሊያናዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንዳይኖር በሕግ ከለከለ። ሴቲቱ በሥዕል የምትፈለግ፣ በሰውነቷ የምትናቅ ሆነች። ማስታወቂያ ሴትን የሚይዝበት መንገድ ከዚህ ሁለት ፊት ካለው አያያዝ ብዙ አልራቀም፤ መልኳን ለሽያጭ ያውላል፤ ለማንነቷ ግን ደንታ የለውም።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዘመን ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የመሠረቱት የቱሪዝም ድርጅት «የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ» በሚለው መሪ ቃሉና በፖስተሮቹ አገሪቱን ለዓለም አስተዋወቀ። ሥራው የሚያኮራ ነበር፤ ኢትዮጵያዊት ሴት በባዕድ ካሜራ ሳይሆን በአገሯ ሰው ዓይን በክብር ታየች። ከዚያ ወዲህ ግን ከብዙ ፊቶች አንዱ ተመርጦ የሁሉ ተወካይ ሆነ። ሌላው ምስል ደግሞ ከባሕር ማዶ ደረሰ። ቆዳ ማቅያ ክሬሞች ከየአቅጣጫው ገቡ። በ1975 እ.ኤ.አ. በሕንድ ገበያ ላይ የዋለው «ፌር ኤንድ ላቭሊ» ለዓመታት ሲያስተዋውቅ የኖረው አንድ ዓይነት ታሪክ ነው፤ ጠይሟ ልጅ ሥራም ባልም ታጣለች፤ ስትቀላ ሁሉም ይሞላላታል። አምራቹ ዩኒሊቨር በ2020 እ.ኤ.አ. ከዓለም አቀፍ ወቀሳ በኋላ ስሙን ለወጠ። ይኸው ኩባንያ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ደቭ» በሚባል ሳሙናው በኩል ሴቶችን «እንዳላችሁ ውብ ናችሁ» ሲል ነበር። በአንድ እጁ ጉድለት የሚሸጥ፣ በሌላው እጁ ማጽናኛ የሚሸጥ ንግድ ለሴቶች የቆመ ነው ብሎ ለመቀበል ይከብዳል።

እንደ ቦንጋ ባለ ከተማ ይህ ሁሉ በቅርብ የሚታይበት ቦታ የሴቶች ውበት ሳሎን ነው። ከበሩ በላይ የተሰቀለው ባነር ላይ የታተሙት ፊቶች በአብዛኛው የዚያ አካባቢ ሰዎች አይደሉም፤ ከኢንተርኔት የወረዱ፣ ቆዳቸው የፈካ፣ ፀጉራቸው እንደ ውኃ የሚፈስ ሴቶች ናቸው። ውስጥ ገብታ ካስክ ሥር የምትቀመጠው ልጅ ፀጉሯን የምታሠራው ያንን ባነር እያየች ነው። ማለስለሻው የራስ ቅሏን ሲለበልባት ትታገሣለች፤ ቁጭ ብላ የምትጠብቀው ለውጥ ከፊቷ ተሰቅሏልና። መዋብ የሰው ልጅ የቆየ ደስታ ስለሆነ ሹሩባም ሆነ ካስክ አያስነቅፍም። ጥያቄው ልጅቱ ከመስታወቱ የምትነሳው በራሷ ተደስታ ነው ወይስ ከባነሩ ምን ያህል እንደቀራት ለክታ የሚለው ነው።

ይህ ግምት ብቻ እንዳይመስል፣ ምስል በልጃገረዶች ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በግልጽ ያሳየ ጥናት አለ። በፊጂ ደሴቶች ናድሮጋ በተባለ አውራጃ ቴሌቪዥን የገባው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። የፊጂ ባህል ሞላ ያለ ሰውነትን የሚያደንቅ ነበር። ሐኪሟ አን ቤከር ቴሌቪዥኑ እንደገባና ከሦስት ዓመት በኋላ የዚያኑ አካባቢ የሁለተኛ ደረጃ ሴት ተማሪዎችን ጠየቀች። በአመጋገባቸው የመታወክ ምልክት ያሳዩት ከ12.7 በመቶ ወደ 29.2 በመቶ አደጉ፤ ክብደት ለመቀነስ ብለው የሚያስመልሱት ደግሞ ከዜሮ ተነስተው 11.3 በመቶ ሆኑ። ባህላቸው አልተለወጠም፤ ምግባቸውም አልጠፋም፤ የተለወጠው ራሳቸውን የሚለኩበት ሚዛን ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዎል ስትሪት ጆርናል ያወጣቸው የፌስቡክ የውስጥ ሰነዶች አንድ ነገር ገለጡ፤ በሰውነታቸው ከተከፉ ልጃገረዶች 32 በመቶው ኢንስታግራም ስሜታቸውን እንዳባሰባቸው ተናግረዋል። ይህ የተገኘው ኩባንያው ራሱ ባካሄደው ጥናት ነው። ካፋ ፊጂ አይደለችም። ሆኖም ሁለቱን የሚያመሳስል አንድ ነገር አለ። ሁለቱም የማስታወቂያን ምስል ዘግይተውና ከውጭ የተቀበሉ ናቸው።

እዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ። ካፋ ገጠር ነው፤ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት ነው፤ ታዲያ ማስታወቂያ ምን ያህል ሊነካ ይችላል? እውነት ነው፣ የ2016 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንደሚያሳየው ከአራት ሴቶች ሦስቱ ያህል በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ ጋዜጣ፣ ሬዲዮ ወይም ቴሌቪዥን አያገኙም ነበር። ይህ ግን ክርክሩን ያጠናክረዋል እንጂ አያዳክመውም። ምስል ብዙ በሆነበት ቦታ አንዱ ሌላውን ያርመዋል፤ ጥቂት በሆነበት ግን እያንዳንዱ እንደ ምስክር ይቆጠራል። የሱቅ መደብ ላይ የተንጠለጠለው የሻምፑ ከረጢት፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ካላንደር፣ የሳሎኑ ባነር፣ አሁን ደግሞ በእጅ ስልክ የሚመጣው ቪዲዮ፣ ለብዙ ልጆች ስለ ሰፊው ዓለም ውበት የሚሰሙት ቃል ይኼው ነው። የሚያርማቸው ሌላ ምስል ደግሞ አልተዘጋጀም። በቋንቋቸው በካፊ ኖኖ፣ በሚያውቁት ፊት የሚመጣው ድምፅ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። ንቀት ከማስታወቂያ በፊትም ነበር፤ ታዲያ ለምን ማስታወቂያ ይወቀሳል? ይህን ለማስረዳት ካፋ የራሷ ምሳሌ አላት። ማንጆ የተባሉት ወገኖች በአደንና በጫካ ሥራ የሚኖሩ፣ በንጉሡ ዘመን የአገሪቱን በሮች የሚጠብቁ ነበሩ። ሆኖም የዱር እንስሳ ይበላሉ ተብለው ከሌላው ካፋ ቤት እንዳይገቡ፣ አብረው እንዳይበሉ፣ እንዳይጋቡ ሲገለሉ ኖረዋል። ከሰልና ማገዶ ተሸክማ ቦንጋ ገበያ የምትወጣ የማንጆ ልጅ ለራሷ ዝቅ ያለ ግምት እንድትይዝ ያደረጋት ማንም አስተዋዋቂ አይደለም፤ ጎረቤቷ ነው። ይህን ሳይናገሩ ማስታወቂያን ብቻ መክሰስ ሐቀኝነት የጎደለው ይሆናል። ሆኖም ነገሩ ከዚህም ያልፋል። የቆየ ንቀት ቦታ አለው፤ ተናጋሪው ይታወቃል፤ ስለዚህ ሊወቀስና ሊመከር፣ በሽምግልና፣ በትምህርት ቤትና በሕግ ሊታረም ይችላል። ማስታወቂያ ግን ያንኑ የቆየ የፊት ተመን ተቀብሎ ያሳምረዋል፤ «ምርጫ» ብሎ ይጠራዋል፤ ተናጋሪውንም ይሰውረዋል። ስድብ የምትሰማ ልጅ የሰደባትን ሰው ልትጠላ ትችላለች፤ ባነር የምታይ ልጅ ግን የምትጠላው ሲጠፋ ራሷን ትጠላለች።

ሌላው ተቃውሞ ደግሞ «ዳቦ ሳይኖር ስለ መስታወት ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል ነው። ውኃ ርቆ፣ መንገድ ጭቃ ሆኖ፣ ሴት ልጅ በለጋ ዕድሜ እየተዳረች ስለ ፊት ምን ያስወራል? መልሱ ሁለቱ አይለያዩም የሚል ነው። ለራሷ ግምት የሌላት ልጅ ክፍል ውስጥ እጇን አታወጣም፤ ስብሰባ ላይ አትናገርም፤ የቡናዋን ዋጋ አትከራከርም። በሌላ በኩል በየከተማው ለጀበና ቡና ሥራ ሠራተኛ ሲፈለግ «መልከ መልካም» የሚል መስፈርት መስማት የተለመደ ሆኗል። ፊት እንጀራ በሚወስንበት ቦታ ስለ ፊት መነጋገር ስለ እንጀራ መነጋገር ነው። የመገናኛ ብዙኃን በጎ ሥራም አይካድም። ኢትዮጵያዊቷ ልያ ከበደ በ2003 እ.ኤ.አ. የመዋቢያ ኩባንያው የኤስቴ ሎደር የመጀመሪያዋ ጥቁር ሞዴል ስትሆን፣ ጥቁር ሴት የውበት መለኪያ አትሆንም የሚለው አስተሳሰብ ተሰበረ። ይህ ድል እውነተኛ ነው። ግን አንድ ፊት በር ቢከፍትም፣ በሩ ለዚያ ፊት አምሳያ ብቻ ከሆነ ሌላዋ ውጭ ትቀራለች።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሕግ አለን። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 የሰውን ክብርና እኩልነት ከጾታም ሆነ ከዘር አንጻር የሚነካ ምስልና ንጽጽር ከልክሏል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 35 በሴቶች ላይ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት የሚያደርሱ ልማዶችን ይከለክላል። ሕግ ግን የሚዳኘው የቀረበ ምስልን ነው፤ ያልቀረበን ፊት አይዳኝም። የካፋ ሴት ከምስሉ መጥፋቷ የማንም ወንጀል ተደርጎ አይቆጠርም። ይህን የሚሞላው ሌላ ምስል መሥራት ነው፤ ያም እንደሚቻል ታይቷል። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በ257 ክፍል የተላለፈው «የቀን ቅኝት» የሬዲዮ ድራማና በ2005 ዓ.ም. የጀመረው «የኛ» ልጃገረዶችን የታሪኩ ባለቤት አድርገው ብዙ አድማጭ አፍርተዋል። ሁለቱም በአማርኛ ነበሩ፤ ተመሳሳይ ሥራ በካፊ ኖኖ ቢሠራ የሚያገኘው ጆሮ አያንስም። አገሪቱ የስምን ዋጋ ማወቋም ተመስክሯል። በ1997 ዓ.ም. መንግሥት ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ ሲነሳ ከቡና ኩባንያው ከስታርባክስ ጋር ተሟግቶ በ1999 ዓ.ም. ስምምነት ላይ ደረሰ። ስም ገንዘብ እንደሆነ ከገባን ፊትም እንደዚያው መሆኑን መረዳት አይከብደንም።

ለካፋ ይህ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። ጫካዋ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ በቦንጋ የብሔራዊ ቡና ሙዚየም ተገንብቷል፤ ከተማዋም ከአዲሱ የደቡብ ምዕራብ ክልል መቀመጫዎች አንዷ ሆናለች። የቡናው መገኛ መሆኗን ዓለም እንዲያውቅላት የምትተጋ አገር፣ ቡናውን ያቆየችው ማን እንደሆነች አብራ ማሳየት አለባት። በማኅበራት ጆንያ ላይ፣ በሙዚየሙ ግድግዳ ላይ፣ በማሸጊያው ላይ የምትታየው ሴት የካፋ ሴት ትሁን፤ ካፊቾዋም፣ የማንጆ ልጅም፣ ጠይሟም፣ ጥቁሯም፣ ያረጀችውም። ለምጽዋት ወይም ለማመጣጠን ሲባል አይደለም፤ እውነቱ እሱ ስለሆነ ነው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚባለው ተረት በቡናው ላይ እንዳይፈጸም ካፋዎች ሲጮኹ ኖረዋል፤ በመልክም ላይ እንዳይፈጸም መጠንቀቅ ያሻል። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት በቅፍለቱ መንገድ ፊቷ የተተመነባት ልጅ ዋጋውን የመቃወም ዕድል አልነበራትም። ዛሬ ግን ሥዕሉን የሚሥሉት የአገሯ ልጆች ናቸው፤ እነሱም ሌላ ሥዕል መሣል ይችላሉ። ከጫካ ቡኖ ለቅማ፣ ጣቷ በፍሬው ውኃ ጠቁሮ ወደ ቤቷ የምትመለሰው ልጅ ማሸጊያውን አንሥታ ስታየው ራሷን ካየችበት፣ ያ ተመን መፋቅ ጀምሯል ማለት ነው።